የሕክምና ትምህርት ቤቱን ማን መረጠው? ከመቅደላ እስከ ምደባ ቅጽ



የ12ኛ ክፍል ውጤት ወጥቶ የዩኒቨርሲቲ ምርጫ በሚሞላበት ሰሞን በብዙ ቤት አንድ ዓይነት ክርክር ይነሣል። ልጅቷ ጥሩ ነጥብ አምጥታለች፤ ሕክምና እንደምትገባ ተወስኗል፤ የቀረው «የት?» የሚለው ነው። አባት «ጥቁር አንበሳ ካልሆነ ምኑን ሕክምና ሆነ» ይላል። እናት «ከቤት ባትርቅ» ትላለች። አጎት «ጎንደር የተማረ ሐኪም እጁ የተፈታ ነው» ሲል፣ ጎረቤት ደግሞ «ሕዝብ መሐል አውርዶ የሚያስተምረው ጅማ ነው» ይላል። ሁሉም የሰማውን ይናገራል። እነዚህ ስሞች ዝናቸውን ከየት እንዳገኙ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

ዛሬ ይህን እንጠይቅ። ታሪኩን ከሥሩ ስንከተል አንድ ነገር ጎልቶ ይታያል። ላለፉት 140 ዓመታት ገደማ ኢትዮጵያዊ የሕክምና ተማሪ የሚማርበትን ቤት ራሱ የመረጠበት ጊዜ እጅግ ጥቂት ነው። አንዴ ጦርነት፣ አንዴ ቤተ መንግሥት፣ አንዴ የዓለም ፖለቲካ፣ አንዴ የሚኒስቴር መሥሪያ ቤት መርጦለታል። የመረጠለት ሁሉ ደግሞ «ይህ ሐኪም ተመርቆ ማንን ያክማል?» ለሚለው ጥያቄ የራሱን መልስ ይዞ ነበር። ወላጅም ሆነ ተማሪ ዛሬ መመርመር ያለበት ይህንኑ መልስ ይመስለኛል።

(በጽሑፉ ውስጥ «ዓ.ም» ያልኩት በእኛ አቆጣጠር ነው፤ በፈረንጆቹ ሲሆን «እ.ኤ.አ.» ብዬ ለይቻለሁ።)

1. ጦርነት የመረጠለት ልጅ

ሚያዝያ 1860 ዓ.ም የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲይዝ አፄ ቴዎድሮስ እጄን አልሰጥም ብለው ራሳቸውን ሠዉ። በዚያ ትርምስ ከወላጆቹ የተለየ አንድ ሕፃን በእንግሊዝ ጦር መኮንን እጅ ገባ። ጦሩ ሲመለስ ሕፃኑም አብሮ ወደ ሕንድ ተወሰደ። ስሙም ካሳደጉት መኮንኖች ስም ተወስዶ ቻርልስ ማርቲን ተባለ። እኛ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ የምንላቸው ሰው እኚህ ናቸው።

በሚሲዮን ትምህርት ቤት አድገው ላሆር በሚገኘው የሕክምና ኮሌጅ ተማሩና እ.ኤ.አ. በ1882 ተመረቁ። በኋላም ስኮትላንድ ሄደው ትምህርታቸውን አጠናከሩ። ዘመናዊ ሕክምና ተምሮ የተመረቀ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ተብለው የሚጠቀሱት በዚህ ምክንያት ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብለን ላሆርን እንይ። የዚያ ኮሌጅ መሠረት የተጣለው እ.ኤ.አ. በ1860 ነው። የብሪታንያ መንግሥት ሕንድን ለማስተዳደር ሐኪም ያስፈልገው ነበር፤ ሐኪሙን ሁሉ ከለንደን ማምጣት ደግሞ ውድ ነው። ስለዚህ በአገሩ አሠለጠነ። ምሩቁ ወዴት እንደሚሄድ ገና ከመግባቱ የታወቀ ነበር፤ ግዛቱ ወደሚፈልገው። ወጣቱ ዶክተር ማርቲንም በርማ ተመድበው የብሪታንያን መንግሥት አገለገሉ።

የዓድዋ ድል ዜና ዓለምን ከዞረ በኋላ በነበሩት ዓመታት ወደ አገራቸው መጡ። ቤተሰባቸው በአካላቸው ላይ በነበረ ጠባሳ ለይቶ እንዳወቃቸው ይነገራል። አማርኛ ጠፍቶባቸው ስለነበር እንደ አዲስ መማር ነበረባቸው። የላሆርና የስኮትላንድ ትምህርት እጃቸውን አሠልጥኖታል፤ የራሳቸውን ሕዝብ ሕመም በራሱ ቋንቋ መስማት ግን አላስተማራቸውም። ያንን እዚሁ ከበሽተኛው ተማሩት።

በኋላ ሐኪም ወርቅነህ ከሕክምናው ይልቅ ወደ ትምህርትና ወደ አስተዳደር አዘነበሉ። ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት በ1917 ዓ.ም ሲከፈት የመጀመሪያው ኃላፊ ሆኑ፤ ከባርነት ነጻ ለወጡ ልጆች ትምህርት ቤት አቋቋሙ፤ ጨርጨርን አስተዳደሩ፤ በጣሊያን ወረራ ጊዜ በለንደን የኢትዮጵያ መልእክተኛ ነበሩ። ምርጫ ያልተሰጠው ልጅ አድጎ ለሌሎች ልጆች ምርጫ ለመክፈት ደከመ ማለት እንችላለን።

2. ሃዋርድ፦ አንድ ዘገባ ያሳጠረው ዝርዝር

ሁለተኛው ታሪክ የዶክተር መላኩ በያን ነው። እ.ኤ.አ. በ1900 ተወለዱ። አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኮንን ለትምህርት ወደ ውጭ ከላኳቸው ወጣቶች አንዱ ነበሩ። መጀመሪያ ሕንድ፣ ቀጥሎ አሜሪካ ሄዱ። ኦሃዮ ውስጥ ሙስኪንገም ኮሌጅ ከተማሩ በኋላ ሕክምናን በዋሽንግተን ከተማ በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1935 ተመረቁ።

ለምን ሃዋርድ? መልሱን ለማግኘት ወደ እ.ኤ.አ. 1910 መመለስ ያስፈልጋል። በዚያ ዓመት አብርሃም ፍሌክስነር የሚባል ሰው በአሜሪካና በካናዳ የነበሩትን 155 የሕክምና ትምህርት ቤቶች ዞሮ አይቶ አንድ ዘገባ አወጣ። ሰውየው ሐኪም አልነበረም፤ የትምህርት ሰው ነበር። የጠየቃቸው ጥያቄዎች ግን ዛሬም ድረስ የሚጠቅሙ ናቸው። ተማሪው ሲገባ ምን ያህል እውቀት ይዞ ይገባል? ቤተ ሙከራ አለ ወይ? መምህሩ ሥራዬ ብሎ ያስተምራል ወይስ ለትርፍ ሰዓት ገቢ? ተማሪው በሽተኛ የሚያይበት ሆስፒታል አለው ወይ?

መልሱ አሳፋሪ ነበር። ብዙዎቹ ገንዘብ ለከፈለ ሁሉ ዲግሪ የሚሸጡ የንግድ ቤቶች ነበሩ። ከዘገባው በኋላ በሁለት አሥርት ዓመታት ውስጥ ትምህርት ቤቶቹ ከግማሽ በላይ ቀነሱ፤ የቀሩት ጠነከሩ። የዛሬው የአሜሪካ ሕክምና ትምህርት ስም የተገነባው በዚያ ጽዳት ላይ ነው።

ጽዳቱ ግን ዋጋ አስከፍሏል። ጥቁር ሐኪሞችን ከሚያሠለጥኑት ሰባት ትምህርት ቤቶች አምስቱ ተዘጉ። የቀሩት በዋሽንግተን ሃዋርድ፣ በናሽቪል ደግሞ መሃሪ ብቻ ነበሩ። በዘር ልዩነት በተከፈለች አገር፣ አብዛኞቹ የነጭ ትምህርት ቤቶች ለጥቁር ተማሪ በራቸውን በዘጉበት ወይም በጣም ባጠበቡበት ዘመን፣ ሁለት በር ብቻ ቀረ ማለት ነው። ሐኪሙ ሲያንስ የሚጎዳው ታካሚው ነውና በሽታው የከፋውም በጥቁሩ ሠፈር ላይ ነበር።

መላኩ በያን ግን ያንን ጠባብ በር ወደ ሰፊ ሜዳ ቀየሩት። በሃዋርድ ከጥቁር አሜሪካውያን ጋር ተዋወቁ፤ ከእነሱ ወገን የሆነች ሴት አገቡ፤ የኢትዮጵያ ጉዳይ የጥቁር ሕዝብ ሁሉ ጉዳይ ነው ብለው ማስተማር ጀመሩ። በተመረቁበት ዓመት ፋሽስት ጣሊያን ወረረን። አገራቸው ገብተው በጦርነቱ ቁስለኛ አከሙ። ከዚያ ወደ አሜሪካ ተመልሰው እ.ኤ.አ. በ1937 በኒውዮርክ የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽንን አቋቋሙ። ነጻነቱን ሳያዩ እ.ኤ.አ. በ1940 ገና በ40 ዓመታቸው አረፉ።

የሃዋርድን ትምህርት ከዲግሪው በላይ ያደረገው ከማን ጋር እንደተማሩ ነው። የክፍል ጓደኞቻቸው፣ መምህሮቻቸው፣ ሆስፒታሉ ውስጥ ያዩት በሽተኛ በሙሉ የሕይወታቸውን አቅጣጫ ወሰነው። የሕክምና ትምህርት ቤት ስንመርጥ ይህን አናስበውም።

3. ጎንደር፦ ከበሽታው የተነሣ ትምህርት ቤት

ከነጻነት በኋላ በአገሪቱ የነበረው አብዛኛው ሐኪም የውጭ ዜጋ ነበር፤ እሱም ቢሆን የሚገኘው በአዲስ አበባና በጥቂት ትልልቅ ከተሞች ነው። ገበሬው ግን በወባ፣ በተቅማጥ፣ በወሊድ ያልቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1953 ከጎንደር ከተማ በታች ባለው በደምቢያ ሜዳ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ጨረሰ። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1958፣ የመጣው ደግሞ አገር አቀፍ ነበር፤ 3 ሚሊዮን ገደማ ሰዎች ታመው 150,000 ያህሉ እንደሞቱ ተገምቷል።

ጎንደር ላይ የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የተከፈተው በዚህ መሐል፣ በ1947 ዓ.ም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍና የአሜሪካ መንግሥት የእርዳታ ፕሮግራም አግዘውታል። የኮሌጁ አሳብ ለጊዜው እንግዳ ነበር። «ሙሉ ሐኪም አሠልጥነን እስክንጨርስ ሕዝቡ አይጠብቀንም፤ ስለዚህ ቡድን እናሠልጥን» የሚል ነው። ጤና መኮንን፣ የኅብረተሰብ ነርስና ሳኒታሪያን አብረው ይማራሉ፤ አብረው ወደ ወረዳ ይወርዳሉ፤ ጤና ጣቢያ ከፍተው አንዱ ያክማል፣ አንዷ እናቶችንና ሕፃናትን ትከታተላለች፣ አንዱ ውኃና መጸዳጃ ይመለከታል።

ጎንደር የገባ ተማሪ ማንን እንደሚያክም ከመጀመሪያው ቀን ያውቀዋል። በሽተኛው ሆስፒታል አይመጣም፤ ተማሪው ነው ወደ በሽተኛው የሚሄደው። ዛሬ አጎት «እጁ የተፈታ ነው» የሚለው ዝና ሥሩ እዚህ ነው። ወረዳ ላይ ብቻውን የቆመ ጤና መኮንን «ሪፈር» የሚልበት ቦታ ስላልነበረው እጁን ማሠልጠን ግድ ሆኖበት ነበር።

ይህ አሳብ ጠላትም ነበረው። ብዙ ጤና መኮንኖች የሐኪም ሥራ እየሠሩ የሐኪም ስምና ደመወዝ አለማግኘታቸው ይቆረቁራቸው ነበር። ዕድሉን ያገኙት ተጨማሪ ተምረው ሐኪም ሆኑ። ከላይ ያሉት ደግሞ «ግማሽ ሐኪም» እያሉ ያጣጥሉ ነበር። ገበሬው ግን ግማሽና ሙሉ አላለም፤ «ሐኪም» ብሎ ነበር የሚጠራቸው።

4. አዲስ አበባ፦ ከማንም የማያንስ ሐኪም

እ.ኤ.አ. በ1964 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሥር የሕክምና ፋኩልቲ ተቋቋመ። እስከዚያ ድረስ ሐኪም መሆን የፈለገ ወጣት ቤይሩት፣ ለንደን፣ ኤድንብራ፣ ሞንትሪያል መሄድ ነበረበት። ከእነዚህ አንዱ ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ነበሩ። አሌክሳንድሪያ ከተማሩ በኋላ በኤድንብራ ሕክምና አጥንተው የቀዶ ሕክምና ስፔሻሊስት ሆነው ተመለሱ፤ ከፋኩልቲው መሥራቾች አንዱና ዲኑም ነበሩ። በኋላ የገቡበትን የፖለቲካ መንገድ የሚደግፍም የሚቃወምም አለ፤ በቀዶ ሕክምና መምህርነታቸው ግን ብዙ ትውልድ በእጃቸው አልፏል።

የአዲስ አበባው ፋኩልቲ መልስ ከጎንደሩ የተለየ ነው። «የእኛ ምሩቅ ለንደን ቢቆም ከለንደኑ እኩል ይሁን» የሚል ነበር። በሀገር ውስጥ የተማረ ኢትዮጵያዊ ሐኪም ከውጭ ከመጣው እንደማያንስ ማሳየት የክብር ጉዳይ ሆነ። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ዋና የማስተማሪያ ቦታ ሲሆን አስቸጋሪው በሽታ ከመላ አገሪቱ እዚያ መጣ። የስፔሻሊስት ሥልጠናም በኋላ እዚያው ተጀመረ። የአባት «ጥቁር አንበሳ ካልሆነ» የሚለው እምነት ከዚህ ነው የመነጨው።

ሁለቱ መልሶች ሁለቱም እውነት አላቸው፤ ሁለቱም ጉድለት አላቸው። የጎንደሩ ለወረዳው ቀርቦ ለምሩቁ የሙያ ዕድገት ጠበበ። የአዲስ አበባው ለምሩቁ ዓለምን ከፍቶ ወረዳውን ራቀ። ለንደን ቢቆም እኩል የሆነ ሐኪም፣ ለንደን መቆም አያቅተውማ! ከአብዮቱ በኋላ ብዙዎች ሄዱ። በሄዱት ሰዎች ከመፍረድ በፊት ግን የትምህርት ቤቱ ልክ ራሱ ወደ ውጭ የተሠፋ እንደነበር ማስታወስ ይገባል።

5. ካርታውን የሳለው የዓለም ፖለቲካ

ከ1966 ዓ.ም አብዮት በኋላ የሕክምና ተማሪው መንገድ ወደ ምሥራቅ ዞረ። ሞስኮ፣ ኪየቭ፣ ሌኒንግራድ፣ ሃቫና የሰፈር ወሬ ሆኑ። ኩባ ውስጥ በወጣቶች ደሴት በሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ልጆች ተምረዋል፤ ከእነሱ መሐል የኦጋዴን ጦርነት ወላጅ ያሳጣቸው ይገኙበታል። ሐኪም ሆነው የተመለሱም አሉ። የትኛውን አገር፣ የትኛውን ቋንቋ የሚለውን የመረጠው ተማሪው ሳይሆን ኮታው ነው። ስፓኒሽ ወይም ሩሲያኛ ለመማር አንድ ዓመት፣ ሕክምናውን በዚያው ቋንቋ፣ ከዚያ ተመልሶ በእንግሊዝኛ በሚጻፍ የታካሚ ካርድ፣ በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ ለሚያስረዳ በሽተኛ!

በአገር ውስጥም ለውጥ መጣ። እ.ኤ.አ. በ1978 የጎንደሩ ኮሌጅ ከምሥራቅ ጀርመን ላይፕዚግ ከተማ ካርል ማርክስ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብሮ የሕክምና ሳይንስ ኮሌጅ ሆነ፤ ሙሉ ሐኪም ማሠልጠን ጀመረ። የጤና መኮንን ሥልጠናው ቆመ። ዓላማው መልካም ነው፤ ሁለተኛ የሕክምና ትምህርት ቤት ተገኘ። ግን በአገሪቱ ለወረዳው ተብሎ የተቋቋመ ብቸኛ ቤት ልኩን ቀየረ። ክፍተቱ ስለታየም የጤና መኮንን ሥልጠና ከደርግ ውድቀት በኋላ በጅማና በሌሎች ተቋማት እንደገና እንዲጀመር ተደረገ።

ሦስተኛው ጅማ ነው። በ1975 ዓ.ም የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ሆኖ ተቋቋመ፤ በ1992 ዓ.ም ከግብርና ኮሌጁ ጋር ተዋህዶ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ጅማ የጎንደርን የቆየ አሳብ በአዲስ መልክ አነሣው። ተማሪው ከመጀመሪያ ዓመቱ ጀምሮ በቡድን ሆኖ ወደ ቀበሌ ይወጣል፤ ቤት ለቤት ይጠይቃል፤ ችግር ይለያል፤ መፍትሔ ያቅዳል፤ በሚቀጥለው ዓመት ተመልሶ ይፈጽማል። ሲጨርስ ደግሞ ከሌሎች የጤና ተማሪዎች ጋር በአንድ ጤና ጣቢያ አብሮ ይሠራል። ይህ ሥልጠና ለዝና ሲባል የተጨመረ ማስጌጫ አይደለም፤ የትምህርቱ አከርካሪ ነበር።

እስከ 1990ዎቹ ዓ.ም መጀመሪያ ድረስ በመንግሥት ሥር የነበሩት የሕክምና ትምህርት ቤቶች እነዚህ ሦስቱ ናቸው። ሦስት ቤት፣ ሦስት መልስ።

6. ቁጥር ሲገዛ

ከዚያ በኋላ ሩጫው ተጀመረ። መቀሌ፣ ሐዋሳና ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች ሕክምና ከፈቱ። በሚሊኒየሙ በ2000 ዓ.ም ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የሕክምና ኮሌጅ ሆኖ ሚሊኒየም የሚለውን ስም ወሰደ። በ2004 ዓ.ም የካቲት ላይ ደግሞ መንግሥት በአንድ ጊዜ 13 አዳዲስ የሕክምና ትምህርት ቤቶችን ከፈተ። በእነዚህ የሚገቡት በሳይንስ ወይም በጤና ዘርፍ የመጀመሪያ ዲግሪ ያላቸው ነበሩ፤ ትምህርቱም አጠር ያለ አዲስ ሥርዓት ነበረው። ከእነሱ መሐል ይርጋለምን የመሰሉ፣ ከዚያ በፊት ሕዝብ ከማከም በቀር ሐኪም አሠልጥነው የማያውቁ ሆስፒታሎች ነበሩ።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሐኪሙ ከሕዝቡ ብዛት አንጻር እጅግ ጥቂት በሆነበት አገር «ቀስ እንበል» ማለት ለአዲስ አበባ ሰው ይቀላል፤ ለምጥ ስትጓጓዝ መንገድ ላይ ለምትቀር እናት ግን አይቀልም። የተማሪው ቁጥር በጥቂት ዓመታት ተባዛ።

የማይባዛ ነገር ግን አለ። የአናቶሚ መምህር በአዋጅ አይባዛም። አስከሬን አይባዛም። አልጋ አይባዛም። አንድ በሽተኛ ዙሪያ አሥራ አምስትና ሃያ ተማሪ ሲቆም፣ ሆዱን በእጁ ዳስሶ የሚያውቀው ከፊት የቆመው ነው፤ ከኋላ ያለው የጓደኛውን ጋዋን አይቶ ይመለሳል። ፍሌክስነር በአሜሪካ ያየው ቤተ ሙከራና ሆስፒታል የሌለው ትምህርት ቤት ነበር፤ የእኛ ሌላ ነው። ሆስፒታሉም በሽተኛውም አለ፤ ያጠረው የሚያሳይ ዓይንና የሚይዝ እጅ ነው። እሱ የዘጋው መንገድ ጥቁሩን ሠፈር ያለ ሐኪም አስቀርቷል፤ እኛ የከፈትነው መንገድ ደግሞ በር ሁሉ ተከፍቶ ቤቱ እንዳይሞላ ያሰጋል። ትክክለኛው መንገድ በሁለቱ መሐል ነው።

በመጨረሻም ቁጥሩ ራሱ ወደ ኋላ ዞሮ መታን። በአንድ ወቅት ሐኪም ተመርቆ ሥራ ያጣል ቢባል ማን ያምን ነበር? ዛሬ ሕዝቡ ሐኪም አጥቶ፣ ሐኪሙም ቅጥር አጥቶ ጎን ለጎን ይኖራሉ። የበጀት ችግር ነው፤ ምደባ በቀረበት ወቅት ቅጥሩ ለየክልሉ አቅም ተተወ። በ2017 ዓ.ም ግንቦት የጤና ባለሙያዎች የደመወዝና የኑሮ ጥያቄ አንሥተው ሥራ እስከ ማቆም ሲደርሱ ያየነው የዚህ ሁሉ ድምር ነው።

7. እንግዲህ ምን እንጠይቅ?

ጊዜው ደግሞ እየተለወጠ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝ ሆኖ የራሱን መግቢያ ፈተና ይሰጣል። የግል የሕክምና ኮሌጆች በዝተዋል። ውጭ አገር ልካችሁ አስተምሩ የሚል ማስታወቂያ በየስልካችን ይመጣል። ከብዙ ዘመን በኋላ ምርጫው ቢያንስ በከፊል ወደ ቤተሰብ ተመልሷል። ስለዚህ ከአንድ ስም ይልቅ ታሪኩ ያስተማረንን ጥያቄዎች ይዘን ብንሄድ ይሻላል።

የመጀመሪያው የወርቅነህ ጥያቄ ነው፤ ይህ ቤት ለማን ነው የሚያሠለጥነው? ምሩቃኑ የት እንደሚሠሩ፣ በየትኛው ቋንቋ እንደሚማሩ፣ ዲግሪው እዚህ የሙያ ፈቃድ ለማግኘት የሚያበቃ መሆኑን ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት አረጋግጡ። ውጭ ለሚማር ልጅ ይህ የሁሉ ቀዳሚ ነው።

ሁለተኛው የፍሌክስነር ነው። ስንት ተማሪ፣ ስንት አልጋ፣ ስንት ቋሚ መምህር? ተማሪው በሽተኛ ማየት የሚጀምረው በስንተኛ ዓመቱ ነው? ማስተማሪያ ሆስፒታሉ የራሱ ነው ወይስ በውል የተበደረው? ያማረ ሕንጻ ለእነዚህ መልስ አይሆንም። ሬጅስትራር ጋ ከመሄዳችሁ በፊት አራተኛ ወይም አምስተኛ ዓመት ተማሪ ፈልጋችሁ «ባለፈው ወር በራስህ እጅ ምን ሠራህ?» በሉት። ስንት ምጥ እንደተከታተለ፣ ስንት ቁስል እንደሰፋ ሳይቸገር ከነገራችሁ ቤቱ ያስተምራል።

ሦስተኛው የመላኩ ነው፤ ከማን ጋር ትማራለህ? ጎበዝ ሬዚደንት ያለበት፣ ሲኒየሩ ራውንድ የማያስታጉልበት፣ ተሳሳትኩ ማለት የማያሳፍርበት ቦታ የግማሹን ያህል መምህር ነው።

አራተኛው የጎንደርና የጅማ ነው፤ ሆስፒታል በሌለበት ምን ታደርጋለህ? አብዛኛው ምሩቅ የመጀመሪያ ሥራው ኤክስሬይ በሌለበት ቦታ ሊሆን ይችላል። ለዚያ ያላዘጋጀ ትምህርት ቤት ስሙ የፈለገውን ያህል ቢገን ለልጁ ግማሽ ትምህርት ነው የሰጠው።

መንግሥትም ድርሻ አለበት። ወላጅ እነዚህን ጥያቄዎች ሆስፒታል ለሆስፒታል እየዞረ መጠየቅ አልነበረበትም። የመውጫ ፈተናና የሙያ ፈቃድ ፈተና ውጤት በየትምህርት ቤቱ ተለይቶ፣ ከመምህራን፣ ከአልጋና ከተማሪ ቁጥር ጋር በየዓመቱ ማንም በሚያገኘው ቦታ ይፋ ይሁን። ደካማው ቤት ቢያፍር ሀፍረቱ ያስነሣዋል፤ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል። ደካማ ሆኖ የተገኘውን ደግሞ ወዲያው መዝጋት መፍትሔ አይሆንም። ከተዘጋ በኋላ ያ አካባቢ ያለ ሐኪም እንዳይቀር፣ መጀመሪያ መምህር ይላክለት፣ የተማሪው ቁጥር ይቀንስለት፣ ከጠንካራው ቤት ጋር ይጣመር። የአሜሪካው ጽዳት ያደረሰውን ጉዳት ሳንደግም ጥቅሙን መውሰድ እንችላለን።

ለተማሪዎቹም አንድ ቃል። ምርጫችሁ ካልሞላና ያላሰባችሁት ቦታ ከደረሳችሁ ተስፋ አትቁረጡ። ከላይ የጠቀስናቸው ሰዎች አንዳቸውም ሙሉ ምርጫ ይዘው አልጀመሩም። መቅደላ ላይ የተወሰደው ልጅ የላሆርን ዲግሪ ይዞ ከመጣ በኋላ ነው የአገሩን ቋንቋ የተማረው። ትምህርት ቤቱ የሚሰጣችሁን ተቀበሉ፤ የማይሰጣችሁን ደግሞ ምን እንደሆነ ቶሎ ለይታችሁ ከበሽተኛው አልጋ አጠገብ ፈልጉት። የገጠሯ እናት ስትመጣ የት ተማርክ ብላ አትጠይቅም፤ ልጄን ታድነዋለህ ወይ ነው የምትለው።

በዚህ ጉዳይ የምታውቁትን፣ በተለይ በየሕክምና ትምህርት ቤቱ ያላችሁ ተማሪዎችና መምህራን የተማሪና የአልጋ ብዛቱ ምን እንደሚመስል በአስተያየት መስጫው ጻፉልን። ለሚመርጥ ቤተሰብ ከማንኛውም ማስታወቂያ በላይ ይጠቅማል።